ቀለበት

ሰኔ ነው፤ ድሬ ላይ ጥላም ላብ ያወጣል፤
ከኦጋዴን ጠርሙስ ታሽጎ ይመጣል፤
ጥቁር ነው፣ ዝምተኛ፤ ያብረቀርቃል ላዩ፤
ተነክቶ ካልታየ አይታወቅ ጠባዩ።

ፈርዶሳ ቀለበቷን ከጣቷ ታወልቃለች፤
ሚዛኑ ጎን አኑራ ጓንቷን ታጠልቃለች፤
ከዚያ ሄፕቴኑን ጠብ፣ ጠብ ታደርጋለች፤
መርፌ ላይ ክር እንደሚያስገባ ሰው ትንፋሿን ይዛለች።

እኔ ቁጥር እጽፋለሁ። ከእያንዳንዱ ጠብታ በኋላ
ብርሃን እንሰዳለን፣ በዘይቱ አቋርጦ ወደ ሌላ፤
ሲቀጥን መብራቱ ይደምቃል፣ ይደምቃል፣ ይደምቃል…
ድንገት ያሽቆለቁላል፤ ውስጡ አንድ ነገር ወድቋል።

አስፋልቴን ይሉታል፤ የአስፋልት ዘመድ ነው፤
ሟሙቶ እስካለ ድረስ አንድም ክፋት የለው፤
ሲለይ ነው ጠላትነቱ፤ ቧንቧ ውስጥ ተጋግሮ
ጉድጓዱን ያንቀዋል፣ ቀን ጠብቆ፣ አድሮ።

ቀጥሎ ወረቀት ነው።
አንዲት ጠብታ ትሰፋለች፣ ሻይ ጨርቅ ላይ እንደፈሰሰ፤
ወጥ ቡኒ ከሆነ፣ ሰላም ነው፤ ማንም ማንን አልከሰሰ።
መሐሉ ላይ ጥቁር ክብ ከወጣ ግን…
ሰው ቀለበት ሲያይ «ተጣመሩ» ይላል፤
እኛ ጋ ቀለበት «ተፋቱ» ይባላል።

አባቴ ቱፋ ሳቀ ይህን ስነግረው፤
ለገሃር ጋራዥ ውስጥ ሠላሳ ዓመት የኖረው፤
ያረጀ የሞተር ዘይት፣ በጋዜጣ ጠርዝ ላይ
ጠብ አድርጎ ነበር ዕድሜውን የሚያይ።
«ማይክሮስኮፕ የለኝ፤ ጣቴ ነው፣ ወረቀት፤
ደግሞም ዘይት ቶሎ አያወጣም እውነት።»

ትናንት አርባ በመቶ ላይ ወረቀቱ ወጥ ነበር፤
መዝገቡን ልዘጋው ስል ፈርዶሳ «ቆይ» አለች፣ «እስኪ ይደር።»

ዛሬ በማለዳ፣ የደቻቱ አሸዋ ሳይግል፣
ከዚያው ብልቃጥ ጠብታ ቀድተን በአጉሊ መነጽር ስናስተውል፣
ትናንት ባዶ የነበረው ሜዳ ነጥብ ዘርቷል፤
ቁንዶ በርበሬ መስሎ ዳር እስከ ዳር ሞልቷል።

አርባውን ሰረዝኩት።
«ከአርባ በታች፤ ካደረ በኋላ» ብዬ ጻፍኩኝ፤
ዞር ስል ሚዛኑ ጎን የለመድኩት ነገር ጎደለብኝ፦
ፈርዶሳ ጓንቷን አጥልቃለች። ቀለበቷ ግን የለም።
ስትገባም ጣቷ ላይ አላየሁትም። ልጠይቃት? አይሆንም።
«ይደር» አልኩ ለራሴ፤
ጠብታውን ቆጠርኩ፤ እሷም ዝም፣ እኔም ዝም።