ስሜን አስተካክሎ የጠራኝ

ከሌሊቱ ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ፣
ቬንሎ ከተማ ዳር፣ ከማስ ወንዝ በላይ፣
ጭጋጉ ግቢውን እስከ ወገብ ውጦ፣
የበሩ መብራት ብቻ ቀርቶ አፍጥጦ፣
እኔ ሌሊት አዳሪ፣ በረኛም፣ ጸሐፊ፣
የሰው ዕቃ ጠባቂ፣ የመኪና አሳላፊ፣
ስልኩ ጮኸ።

«ሬይንደር ነኝ» አለኝ።
አለቃዬ ነው፤ ያው ጎርናናው ድምፁ፣
ከቃል ቃል መካከል ያቺ ደረቅ ሳሉ፣
«እእ» ማለቱ እንኳ፣ መጎተት አመሉ።
«ቀጸላ፣ ስማኝማ፣ አንድ መኪና ይመጣል፣
የሕፃናት ወተቱን ጭኖ ይወጣል፤
ሰነዱን ልኬያለሁ፣ ኢሜይልህን ክፈት፤
ደንበኛው ተቆጥቷል፣ ሳይነጋ ይድረስለት።»

ከፈትኩት።
ፈቃዱ አለ፣ ማኅተሙ አለ፣ የመድን ውሉ፣
የሾፌሩ ፎቶ፣ ታርጋው ሁሉም በየውሉ፤
አንዲት ፊደል አልሳተ፣ አንዲት ነጥብ አልጎደለ፣
እንደታጠበ ብርጭቆ ጥርት ያለ።
እኔ ግን የማውቀው የጭነት ወረቀት
ዘይት የነካው ነው፣ ሾርባ የፈሰሰበት፣
ጸሐፊው በችኮላ ቀኑን የሳተበት።

ያም ሆኖ ጣቴ ሄደ የበሩን ቁልፍ ሊጫን፤
የአለቃውን ድምፅ የሚጠረጥር ማን?

ግን አንድ ነገር።
ስሜ።

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሬይንደር ሲጠራኝ
«ከሰላ» ነው የሚለኝ።
«ቀ» ከጉሮሮው አትወጣም፣ «ጸ» ምላሱን ትቆርጠዋለች፤
ይሞክራል፣ ይስቃል፣ እንደገና ታመልጠዋለች።
ፖስተኛውም እንዲያ ነው፣ የልጄም መምህርት፤
ሁሉም ዘንድ «ከሰላ» ነኝ፤ እኔም ለምጄበት።
አሁን ግን በስልኩ፣ በዚያ እኩለ ሌሊት፣
«ቀጸላ» አለኝ፣ ሳያጎድል ቅንጣት፤
«ቀ» ፈነዳች፣ «ጸ» ጠብ አለች እንደ ጠል ከቅጠል፣
እናቴ ከጓሮ ለምሳ ስትጠራኝ ያህል።

አልዋሽም፣ ደስ አለኝ።
ለአንዲት ቅጽበት ዓይኔም እርጥብ አለ፣
ልቤ «ለካ ስሜ እዚህም ይጠራል» አለ።

ከዚያ ነው ብርዱ ጀርባዬን የያዘኝ፣
ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር የሚለው ትዝ ያለኝ።

ስልኩን ዘጋሁት።
ከመሳቢያው አወጣሁ ያን ሰማያዊ ደብተር፣
ማሬይከ በገዛ እጇ የጻፈችውን ቁጥር።
ባለፈው ኅዳር ነው፤ ካቶቪትሰ ሊደርስ የወጣ ጎማ
የትም ሳይደርስ ቀረ፣ ወሬውም ሳይሰማ።
የዚያን ዕለት ነው ሕግ ያወጣችው፦
«ደውሎ ያዘዘህን አትመን፤ ዘግተህ፣ ራስህ ደውል።
እኔም ብሆን። ሬይንደርም ቢሆን።»

ደወልኩ። አምስት ጊዜ ጠራ። ስድስት።
«ከሰላ?» አለ ድምፁ ከእንቅልፍ ጉድጓድ፣
«ከሰላ፣ ምነው? እሳት ተነሣ?»

ከሰላ!
እንዲህ የሚጣፍጥ ስሕተት ሰምቼ አላውቅም።

በሩ ላይ መኪናው ጥሩምባውን ነፋ።
ሾፌሩ ልጅ ነው፣ ኦቪዲዩ ይባላል፣ ጢሙ ገና ገና፤
ሥራውን ያገኘው ከስልኩ ነው፣ ከማይታይ ደመና።
ማን እንደቀጠረው አያውቅም፤ «ክፍያው ነገ» ተብሏል፤
ሊዬዥ ዳር ወዳለ ባዶ መጋዘን አድርስ ተብሏል።
ዓይኑን አየሁት። ሌባ አልነበረም።
ሌባው ዓይንም የለው፣ ጥላም የለው፤
የሰው ጉሮሮ ለብሶ ነው የሚመጣው፣
በሌላው ልጅ መሪ ነው ዕቃ የሚያወጣው።
ፖሊስ እስኪመጣ ማሞቂያው ጎን አስቀመጥኩት፤
እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ሻይ ሰጠሁት።

ጠዋት ሬይንደር መጣ፣ ካፖርቱን ከፒጃማው ላይ ደርቦ፤
ሃያ ሁለቱን ፓሌት አንድ በአንድ ቆጠረ፣
«እንዴት አወቅህ?» አለኝ። ነገርኩት።
ፊቱ ቀላ። ቆመና፣ እዚያው ብርዱ ላይ፣
«ክ… ቅ… ቀስ…» እያለ መለማመድ ጀመረ።
«ተው» አልኩት፣ «እንዳትለምደው!
የግቢያችን ቁልፍ እሱ ነው።»
ሳቅን።

ሌሊት ስልኩ ሲጮህ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣
ከልቤ አንዲት ጥግ
ያን ሌባ ትጠብቃለች።