ሙል

ታኅሣሥ ነው። መሐል ሜዳ። ውርጩ ሣሩን አንጥቶ፣
ጠመኔው በጣቴ መሐል እንደ ድንጋይ በርትቶ፣
«ምዕራፍ አራት፤ ሙል» ብዬ ሰሌዳው ላይ ጻፍሁ።
ከኋላ ሳቅ ፈላ። ዞሬ ማን እንደሆነ አየሁ።
«ሙሉን ነው ቲቸር የጻፏት?» አለ ወልደ ሐና፣
«ሸዋዋን ረስተውባታል፤ ይጻፉላት እንጂ እንደገና!»
ሙሉሸዋ አንገቷን ቀበረች፣ እዚያ ሦስተኛው ረድፍ፣
ደብተሯን እንደ ጋሻ ይዛ፣ ከሳቁ ልትተርፍ።

አባቷ ባና ሠሪ ነው፤ የበግ ጠጉር ይነድፋል፤
ቁራጩ ከቦርሳዋ ወጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ያርፋል።
ቢክ እስክሪብቶ ይዤ አሸሁት፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ አሥሬ፣
ብጣሽ ወረቀት በትኜ፣ ጠጋ አልሁ ትንፋሼን አስሬ።
ዘለለ። አንዱ ብጣሽ ዘለለ፣ ሁለተኛው ተከተለ፤
ክፍሉ በአንድ አፍ «ኧረ!» አለ።

«ከየት መጣ?» አለኝ ሽብሩ።
                    «እዚሁ ነው የነበረ፣
ባናው ውስጥ፣ ቢኩ ውስጥ፣ እኩል ለእኩል የታሰረ።
የተካከለ ነገር ባዶ ይመስላል ላየው፣
መተሻሸት ብቻ ነው ያንን እኩል የሚለየው።
ኤሌክትሮን የሚሏት ቀላል፣ እግሯ የማይደርቅ፣
ከጠጉሩ ተነሥታ ወደ ቢኩ ስትርቅ፣
ባናው በልኳ ይጎድላል፣ ቢኩ በልኳ ይሞላል፤
የተፈጠረ የለም ሽብሩ፤ ይህ ቤት መለወጥ ይባላል።»

«ወረቀቱስ?» አለች ሙሉ፣ ድምጿ እንደ ክር ቀጥኖ፣
«እሱን ማንም አላሸው፤ የዘለለው ምን ሆኖ?»
ምን ብዬ ልንገራት? ወረቀቱ ምንም አልተጨመረበት፣
ምንም አልተወሰደ፤ ቢኩ ሲቀርብ ብቻ ውስጡ ዘመመበት፤
የሚሸሸው ወደ ጓሮ፣ የሚቀርበው ወደ ደጅ፣
ሳይነኩት፣ በዓይን ብቻ፣ እንደሚርበተበት ልጅ።
«ገባኝ» አለች። እኔ ሳልጨርስ።

በማግስቱ ሽብሩ ማንኪያ ከቤት ሰርቆ አመጣ፤
ቢያሸው፣ ቢያሸው፣ እስኪያብረቀርቅ፣ ከማንኪያው ምንም አልወጣ።
ብረት ቤቱን አይዘጋም፤ የመጣውን ሁሉ ያሳልፋል፤
በእጁ አልፎ፣ በጉልበቱ፣ ሙሉ ወደ መሬት ይረግፋል።
ሁለት ቢክ በክር ሰቀልን፤ ያው ባና ሁለቱን አሻቸው፤
ጀርባ ተሰጣጡ፣ አንድ እናት እንዳላሳደገቻቸው።

ሰኔ ላይ ሱፐርቫይዘር መጡ ከደብረ ብርሃን ተጉዘው፣
ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ የረጠበ ጃንጥላ ይዘው።
አሸሁ። አሥሬ። ሃያ። ቢኩ ሞቀ እንጂ አልሳበ፤
ወረቀቱ እንደ ሬሳ ተኛ፤ የፊቴ ላብ ተንጠባጠበ።
እሳቸው ብዕር አወጡ፤ አንዲት ቃል ጻፉ አጠር ያለች፣
ያን ጊዜ ከሦስተኛው ረድፍ ሙሉሸዋ ብድግ አለች።
«ጥፋቱ የጉሙ ነው» አለች፤ «እርጥበት ሙልን ያፈስሳል፤
በታኅሣሥ ይምጡ ጌታዬ፤ ያን ጊዜ ወረቀቱ ይነሣል።»
ክፍሉ አልሳቀም። ወልደ ሐናም። «ሙል» ስትል በአፏ፣
ስሟን ራሷ የምትጠራ መሰለኝ፣ እስከ ሸዋዋ፣ እስከ ጫፏ።

ደብረ ሲና ተድራለች ይላሉ፤
ብርድ ልብስ ፋብሪካ ናት፣ ደብረ ብርሃን፣ የሚሉም አሉ።
እኔ እዚያው ነኝ፤ በየታኅሣሡ ምዕራፍ አራትን ከፍቼ፤
ባናዋ መሳቢያዬ ውስጥ ናት፤ ኖርሁ መመለስ ረስቼ።

ማታ ቤቴ ገብቼ ሹራቤን በጨለማ ሳወልቅ፣
ጠጉሬ ላይ ሲንጣጣ፣ ሰማያዊ ፍንጣሪ ሲፈልቅ፣
አስባለሁ፦ ቀኑን ሙሉ ከስንቱ ተሻሽቼ፣
ስንቱ ደጃፍ ጥዬ፣ ከስንቱ ደጃፍ አንሥቼ፣
እኩል ነኝ ብዬ የኖርሁ፣ ባዶ የመሰልሁ ሰው፣
ማንን እንዳጎደልሁ እንጃ፤ ማን ዘንድ እንዳለ የጎደለው።

ከዚያ የበሩን መሸጎሪያ ልዘጋ እጄን ብሰድ፣
ጧ! ቆነጠጠኝ ብረቱ፣ ሂሳብ እንደሚጠይቅ ዘመድ።