ፔዳል ሳትመቺ

ጋሽ አንማው ጉልበቱ፣ እንቢ አለው ዘንድሮ፤
ከሾላው ስር ዋለ፣ ብሎን በጣሳ አጉሮ።
"ነገ ሰንበት አይደል? በኔ ፈንታ ሂጂ፤
ጎማው ተነፍቷል፣ ያጣሁት ነው ነጂ።"
ከሲሚንቶ ከረጢት፣ ወረቀት ቀደደ፣
በእርሳስ ስባሪ፣ መንገድ አስኬደ፤
በሰባታሚት አርጎ፣ አንዳሳ አወረደ።

"ክቧ ዋንዛዬ ናት። ሰረዙ ድልድይ ነው።
ነጥቧ ወፍጮ ቤት ናት። ይህ ደሞ... ተይው፣
ይህን አትጠይቂኝ።
ከዋንዛው ስር ሲደርስ፣ ዳገቱ ያበቃል፤
ቁልቁለቱ ደግሞ፣ እኔን ብቻ ያውቃል።
እግርሽን አንሺና፣ ልቀቂው ለነፋስ፤
ፔዳል ሳትመቺ፣ የት ድረስ? የት ድረስ?
ለክተሽ ንገሪኝ።"

*

ጣና አልተነሳም፣ ጉም ተከናንቦ፤
ባጃጁ በሰልፍ፣ ተኝቷል ተሰብስቦ።
ከዘንባባው መሀል፣ ለብቻዬ ወጣሁ፤
ቤዛዊትን አልፌ፣ ከአስፋልት ተፋታሁ።
ኮረኮንቹ ሲንጠኝ፣ ጥርሴ እየተጋጨ፣
ከግራ ጉንጬ ላይ፣ ብርሃን ተረጨ።
ኑግ ነው ግራና ቀኝ፣ ቢጫው ያስነጥሳል፤
አንዱ ውሻ ሲያሯሩጠኝ፣ ሌላው ያዛጋል።

ልጆች ከአጥር ዘለው፣ "ወዴት ነሽ? ወዴት ነሽ?
ማንን ልትጠይቂ፣ በማለዳ መጣሽ?"
"መንገዱን ልጠይቅ" ብል፣
ትንሿ አዘነች፦
"ታሟል እንዴ?" አለች።

ከጎጡ መውጫ ላይ፣ ካቴናው ወለቀ።
አንዲት እናት ቆሙ፣ ጀሪካን አውርደው፦ "ደረቀ፤
ደርቋል፣ ልጄ፣ ደርቋል" ብለው ገብተው መጡ፤
የኑግ ዘይት በስኒ፣ ጠብ ጠብ አርገው ሰጡ።
(ትርፌ ነው ስማቸው።)
ከዚያ በኋላማ፣ በሄድኩበት ሁሉ፣
ወጥ ቤት ወጥ ቤት ሸተትኩ፣ መንገዱን በሙሉ።

ዳገቱ አይጮህም፤ እንደ አራጣ ብድር፣
ትንሽ መስሎ ነው፣ ጉልበት የሚቆጥር።
ወርጄ ገፋሁት።
ጣና ከላይ ሲታይ፣ የመስታወት ስባሪ፤
ያገሬ ሰው ሁሉ፣ ከጥጉ ነዋሪ።
ክቧ ካለችበት፣ ጉቶ ነው የቆየኝ፤
ጉንዳን ተሰልፎ፣ ዙሪያውን አሳየኝ።
ቁጭ ስል ጣቴን ወጋኝ፤ ከእንጨቱ እምብርት፣
የዛገች ራጂ ነች፣ ዛፉ ያደገባት።
(ፖምፓ መስቀያ ሳትሆን፣ አትቀርም በጊዜው።)
መጋዙ ደርሶባት፣ አንዲት ጥርሱ ተሰብራ፣
ከጎኗ ወድቃለች፣ ከሰጋቱራው ጋራ።
አነሳኋት። ወደ ኪሴ።

ከዚያ እግሬን ከፔዳል።

ነፋሱ ጆሮዬን፣ እንደ ፖስታ ቀደደ፤
ወፍጮው ዱቄት ለብሶ፣ ባንድ ትንፋሽ ሄደ።
ያ ያልጠየቅሁትም፣ ምልክት ያለበት፣
አልፌው ይሆናል፤ ማን ቆሞ አይቶበት?
ከባሕር ዛፉ ግርጌ፣ እርምጃዋ ላላ፤
ለድልድዩ ሃያ ክንድ፣ ሲቀራት፣ ቆመች ዘመም ብላ።

ስመለስ ቅዳሴ ወጥቶ፣ መንገዱ ጥላ በጥላ፣
እንኳን አደረሰሽ በሚል ሰው ተሞላ፤
ለሁሉም እጅ ስነሣ፣ መሪውን ለቅቄ፣
ጎርፍ ከማሰው ቦይ፣ ልገባ ነው ወድቄ።

*

"ሃያ ክንድ ቀረኝ" አልኩት። ሳቁ ወፍ አስነሳ።
"እኔማ ተሻግሬ፣ እስከ ማዶ ጓሳ!
ወይ ጎማው ለስልሷል፣ ወይ ደግሞ አንቺ ቀለሽ፤
ቁልቁለት የሚወድ፣ ከባድ ሰው ነው፣ አየሽ።"
ካቴናውን አሸተተ። "ኑግ" አለና ጠረገ።
ስለ ወፍጮው ጠየቀ፣ ስለ ድልድዩ፣
የሴትዮዋን ስም ሁለቴ አስደገመኝ።
ስለ ዋንዛው ዝም።

ፖምፓውን ሊፈልግ፣ ፊቱን ሲያዞርልኝ፣
የመጋዟን ጥርስ፣ ከጣሳው ጣልኩኝ።
ቅጭል አለች።
ጋሽ አንማው አልዞረም። ጎማውን ነፋ፣
ነፋ፣
ነፋ።
"የኔ ብሎኖች" አለ፣
"እንዲህ አይጮኹም።"