የዓርብ ቅጂ

ዓርብ፥ ዐሥራ አንድ ሰዓት። ከሐይቁ ጉም ተነሥቷል፤
የአቬይሮ ጨው ማኅበር ከአንዲት መስኮት በቀር ሁሉን ዘግቷል።
ዴዎሊንዳ መነጽሯን በሹራቧ ጫፍ ጠርጋ
ጥቁሯን ዲስክ ታወጣለች ከመሳቢያው ሥር ፈልጋ፥
በልጇ የግራ ካልሲ ተጠቅልላ የምታድር፤
ቀኙ ካልሲ የት እንደ ገባ የሚያውቅ የለም በምድር።

ሥራ የጀመርኩ ዕለት አጠገቧ አስቀምጣ
እንዲህ ነበር ያለችኝ፥ ቃል በቃል፥ ሳትቆጣ፦
«የሰረዝከው ደብዳቤ የሄደ እንዳይመስልህ፥
ተሰውሮ ነው እንጂ እዚያው ነው ከጎንህ፤
ከፋይሉ ሆድ ተኝቷል፥ ‹የለም› የሚል ታርጋ ለብሶ፤
ሣጥኑም ያብጣል በዓመቱ፥ ይህን ሁሉ ሬሳ አግበስብሶ።
ስለዚህ ፊት ጠቅጥቀው። ከዚያ ፕሮግራሙን ዝጋ፤
ክፍት ፋይል መቅዳትማ ለሚሮጥ ፈረስ የጫማ ልክ ፍለጋ።
ከዚያ ቅዳ። ቅጂውንም ከፍተህ አንዲት መልእክት አንብብ፤
ያልቀመስከውን ሾርባ እንግዳ ፊት አታቅርብ።»

ይህንኑ በቢጫ ወረቀት ከስክሪኑ ጥግ ለጥፋዋለች፦
አንድ፥ ጠቅጥቅ። ሁለት፥ ዝጋ። ሦስት፥ ቅዳ። አራት፥ ቅመስ።
ፎልደሮቿም ስም አላቸው፦ «ግብር»፥ «ዝናብ የበላው ዓመት»፥
«የደረቅ ዓሣ ነጋዴዎች»፥ እና አንድ ወፍራም፥ «ጠብ»።

«ጠብ» ውስጥ ያለው በሙሉ የኤቫሪስቶ ነው ማለት ይቻላል፤
የጨው መደቡ ከአባቷ መደብ በአንድ ጭቃ ግድብ ይለያል።
ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ተኳርፈው ነው ያሉ፤
ደረሰኝ ይላላካሉ እንጂ «እንደምን አደርሽ» አይባባሉ።

ሐሙስ ግን አንድ መልእክት ገባ፥ ደረሰኝ ያልታከለበት።
የመጀመሪያውን መስመር አይታ ፊቷ ሲቀላ አየሁት።
«ለራሱ ሲል ይጣፍጥ!» አለች። ሰረዘችው። ቅርጫቱንም ባዶ አደረገች፤
ማውሱን እንደ ትኩስ ድንች ለቀቀች።

በማግስቱ ራሴን አሞኛል ብላ በጊዜ ወጣች፤ እኔ ብቻዬን፤
ከታች የቪዜው ሹፌር በጡሩምባ ያደነቁራል ጆሮዬን።
ተጣደፍኩ። ዘጋሁ። ቀዳሁ።
ኋላ ትዝ ቢለኝ፥ ላቤ እየፈሰሰ፥ ጠቀጠቅሁ።
ሣጥኑ ከአራት ጊጋ ወደ ሦስት ሸሸ።
መቅመሱን ረሳሁት፤ መሸ።

ሰኞ ጠዋት፥ ካፖርቷን ሳታወልቅ፥
«የተሰረዘ ይመለስ ይሆን?» አለች፥ ድምፅዋ ዝቅ።
«ጠቅጥቄዋለሁ» አልኩ። «አዎ» አለች። «እኔው ነኝ ያስተማርኩህ።»
ደውላ ብትጠይቀውስ? የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ኩራት
እንደ ሹራብ ታጥፎ አይገባም ከመሳቢያ በአንድ ሌሊት።

ያን ጊዜ ነው ስሕተቴ መብራት ሆኖ የበራልኝ፦
ቀድቼ ነው የጠቀጠቅሁት! ካልሲው ውስጥ ሙታኑ አሉልኝ።

ቅጂውን በተራ የጽሑፍ ፕሮግራም ከፈትኩ፤ ስሙን ፈለግሁ፤
ደረሰኝ፥ ደረሰኝ፥ የጆንያ ዋጋ፥ ደረሰኝ... አገኘሁ።
ወንበሩን ለቀቅሁላት፤ ወደ መስኮቱ ዞርኩ፤
በጉሙ ውስጥ የጨው ክምር ቆጠርኩ።

ጮክ ብላ አነበበች፥ ለእኔ ሳይሆን ለክፍሉ፦
«የዚያን ሌሊት የውሃውን መዝጊያ የከፈትኩት እኔ ነኝ።
የበጋውን ጨው በሙሉ ያሳጠብኩት እኔ።
አባትሽ ያውቅ ነበር።»

አባትሽ ያውቅ ነበር።
ያ ዝምተኛ ሰው፥ ‹የለም› የሚል ታርጋ አልብሶ፥
ይዞት ኖሯል፥ ይዞት ሄዷል፥ ሳይጠቀጥቅ፥ ተንተርሶ።

አላለቀሰችም። «ይሄ የት ነው የሚቀመጠው?» አለች።
«ጠብ» ላይ ጠቋሚውን አቆመች። ቆየች። ተወች።
አዲስ ፎልደር ከፈተች፤ ስም አልባውን ፕሮግራሙ እምቢ ሲላት
አንዲት ነጥብ ጻፈችለት።

በቀጣዩ ዓርብ ብመጣ ቢጫዋ ወረቀት እዚያው ናት፤
ግን ከ«ቅዳ» ተነሥቶ ከ«ጠቅጥቅ» በላይ የሚያርፍ
ቀይ ቀስት አለባት።
ምንም አላለችኝም። ካልሲውን ፈታች።