የኮርኒሱ ጎመን

ልዑሉ ሮም ከርሞ ስዊድን ሲገባ፣
ጓዙ ፍርስራሽ ነው፥ አምድና አበባ፤
በቀለም ተነድፎ ወረቀት ላይ ያለ፣
ሺህ ዓመት ከአፈር ሥር ተዳፍኖ የዋለ።

«ይህ ቅጠል በኖራ ኮርኒሴ ላይ ይብቀል»
ተብሎ ታዘዘ ለሳኙ ቶርኬል።
ቅጠሉ አካንቱስ፥ ፀሐይ ያሳደገው፤
ቶርኬል ግን ጥድ እንጂ እሱን መች አወቀው?
እጥፋቱ እንዴት ነው? ጅማቱስ? ውፍረቱስ?
የወረቀት ቅጠል መች ጀርባው ይዳሰስ?

በነጋው ማለዳ፣ ውርጩ ሳይረግፍ ገና፣
ከጓሮ ተመለሰ ጎመን ቆረጠና።
ሚስቱ ጉኒላ ጮኸች፥ «ለሾርባዬ ነበር!»
እሱ መች ሰምቷት፣ ጣቱ በጅማቱ ሲዞር።
ኖራ ተቦካ፤ ቅጠል በቅጠል ላይ ወጣ፤
ስስ ወርቅም በላዩ እንደ ጤዛ መጣ።

ግብር በተበላበት፣ ሻማ በበራ ማታ፣
መኳንንቱ አንጋጠው «ሮማ!» አሉ በደስታ፤
ሮምን አየሁ ባዩም ራሱን ነቀነቀ፥
«ልክ እንዲህ ነው» አለ፣ እየተራቀቀ።

ወለል ለማጠብ ግን ጉኒላ ስትገባ፣
ቀና ብላ አየች፤
«ይኸው የኔ ሾርባ!»

በእኛ ቅኔ ወርቁ ከሰም ሥር ያድራል፤
እዚያ ኮርኒስ ላይ ግን ነገር ተገልብጧል፦
ወርቁ ሰም ሆነና ላይ ላዩን ሲያበራ፣
ጎመኑ ነው ወርቁ፥ ያደረ በኖራ።

ዛሬም አስጎብኚው ስለ ሮም ያወራል፤
ከጥጉ ቅጠል ላይ አንድ ቀዳዳ ይታያል፣
አባጨጓሬ የበላው።
ቶርኬል እንዳገኘው፣
እንዲያው ነው የቀረጸው።