የቅበላ ሞራ

የቅበላ ማታ፣ ቢላዬን ጠርጌ፣
ሉካንዳዬን ዘግቼ፣ ቁልፉን ኪሴ አድርጌ፣
ሰው ንቆ የተወው የስምንት በግ ሞራ
በፌስታል ተቋጥሮ ገባ ከኔ ጋራ።
«ጣለው» ትለኛለች ብዬ ስጠብቃት፣
ሚስቴ ሽታዬ ግን ሌላ ሐሳብ ነበራት።

ከዘርፌ ዘንድ ሄዳ፣ ከአረቄ አውጪዋ፣
የወይራ አመድ ለምና መጣች በቆርቆሮዋ።
(የኩበት አመድማ ጉልበት የለውም፤
አምና ሞክራው ቅንጬ ሆኖባት፣
ለጎረቤት እንዳልናገር አስምላኝ
ጓሮ ደፋችው።)

ከታች በተበሳ ጣሳ ጭድ ጎዝጉዛ፣
አመዱን ጠቅጥቃ፣ የበልግ ዝናብ ይዛ፣
ሌሊቱን በሙሉ ጠብ ጠብ ሲል አደረ።
ጠዋት ያገኘችው እንደ ጠላ የቀላ፣
ምላስ የሚልጥ ውሃ ነበረ።
እንቁላል ጣለችበት።
(ዶሯችን ጾም አታውቅም፤ ዘወረደ ገብቶም
ትጥላለች፣ ያለ ሐፍረት።)
ተንሳፈፈ እንቁላሉ፤ አናቱ ብቻ ታየ፣
የሃምሳ ሳንቲም ያህል።
«ይኸ ነው!» አለች ሚስቴ፣ «ጉልበቱ ተለየ።»

ሞራውና ውሃው ሲካሰሱ ውለው፣
ማታ ላይ ታረቁ፣ አንድ ገንፎ ሆነው።
አስታራቂው እኔ ነበርኩ፣
ቀኝ እጄ እስኪዝል በማማሰያ።
አሞሌ ሰባብራ ጨመረች፣ እንዲጠና፤
ከጓሮዋ አሪቲ ቀጥፋ አከለችና
«ጦስኝስ?» አለችኝ።
የጓሳው ይፍሩ የአንድ ኪሎ ሥጋ ዕዳ ነበረበት፤
በጦስኝ ከፈለኝ፣ በሙሉ ከረጢት።

በሚስማር ሣጥን ውስጥ ሻሽ አንጥፋ ገለበጠች፤
ሲረጋ በሲባጎ ቆረጠች፤
ከአልጋችን ሥር ደርድራ፣
«አርባ ቀን እንዳትነካው፤ ይጹምበት» አለች።

እኔም ጾምኩ፣ እሱም ጾመ፣
እኔ በሽሮ፣ እሱ በጨለማ ተጋደመ።
ሌሊት ስገላበጥ የጓሳ ጉም ከአልጋው ሥር ሽቅብ ይመጣል፣
መሐል ሜዳ ተኝቼ ተራራ ይሸተኛል።

እጄም ጾመች፤ ሃምሳ ቀን ደም አልነካትም፣
ግን ጥፍር ሥር የከረመ በጾም አይለቅም።
ሠላሳ ዓመት ሥጋ ሻጭ ነኝ፤
«ሽታዬ» ብዬ በጠራኋት ቁጥር
ራሴን የሰደብኩ ይመስለኛል።
እሷ አንድም ቀን አፍንጫዋን አልያዘችም፤
ግን የልጃችንን ልጅ ላቅፍ ስል
«መጀመሪያ ታጠብ» ትለኛለች፣ ቀስ ብላ፣
ሰው እንዳይሰማ።

የስቅለት ዕለት፣ ከስግደት መሐል፣
ዲያቆኑ ሲያነብ ሰማሁ፦
ጲላጦስ እጁን ታጠበ፣ በውሃ።
በውሃ ብቻማ አይለቅም፣ አልኩ በልቤ፣
እኔን ጠይቁኝ።

ለፋሲካ ሰባት በግ አረድኩ፣ ዶሮ ሳይጮኽ።
እጄን እንደ ሌባ ደብቄ ስገባ፣
ሽታዬ በር ላይ ቆማለች፣ በአንድ እጇ ማንቆርቆሪያ፣
በሌላው ያንን ሳሙና፣ ዳር ዳሩ ያልተስተካከለ፣
ቀለሙ የድሮ ጥርስ።
አፈሰሰችልኝ። አረፋው ነጭ፣ ብዙ ነው፤
ለካ በጉ ነው የሚያጥበኝ፣
ያረድኩት፣ ሰው የናቀው ሞራው፣
ቂም ሳይዝ፣ ከጣት ጣቴ መሐል እየገባ።

እጄን አሸተትኩ። ጦስኝ አለ፤
ሥር ሥሩን፣ በጣም ከሩቅ፣ በግም አለ።
«ሽታዬ!» አልኳት፣ ከክንዴ በማትርቅበት።
«አቤት» አለች።

ሲነጋ ይፍሩ መጣ። አንድ ኪሎ ሥጋ፣
አንድ ፍሬ ሳሙናም ጠየቀ፣
እንደ ልማዱ፣ በዱቤ።