ቀሪው ለማታ

እኔ ይህቺን ቃል የማውቃት በቁጣ ነው፣
ከአዳሪ ቤቱ ዘበኛ፣ ከጋሽ ድንበሩ አፍ፤
ጎህ ሳይቀድ ብርድ ልብሳችንን ሲገፍ፣
በዱላው ጫፍ፦
«ተነሥ! እዚህ ቤት እሹሩሩ የሚልህ የለም!»

ኋላም አለቃዬ፣ ኋላም ባለሱቁ፣ ኋላም ጋዜጣው፣
«እሹሩሩ ይብቃ!» እያለ የሚቆጣው።
እንዲህ ነው የደረሰኝ፤
የቃሉ ጥፊ እንጂ ቃሉ አልነበረም።

አሁን ትሪየስቴ ነኝ፣ አራተኛ ፎቅ።
ቦራ የሚሉት ነፋስ መስኮቱን ሲነቀንቅ፣
ከታች መንገደኛው የመብራት ምሰሶ አቅፎ ጋብ እስኪል ሲጠብቅ፣
ሲኞራ ኒቬስን፣ ዘጠና አንድ ዓመታቸው፣
የመርከብ ድርጅት ጸሐፊ የነበሩትን፣ እንቅልፍ እምቢ አላቸው።
ክኒኑን ሰጠሁ። ትራሱን ገለበጥኩ። ካልሲ አጠለቅኩላቸው።
«ማነው በሩን የሚመታው?»
«ነፋሱ ነው፣ ሲኞራ።»
«ነፋስ ከሆነ ስሜን እንዴት ያውቃል?»
እጃቸው እጄን ያዘ፤ ከእንቁላል ቅርፊት ይቀላል።

ያን ጊዜ ነው ከአፌ ያመለጠኝ፣ ሳላስበው፣
ዜማ የለው፣ ስንኝ የለው፣ አንድ ቃል ብቻ ነው፦
እሹሩሩ።
እንደ ሌባ ግራ ቀኝ አየሁና ደግሜ፦
እሹሩሩ።

ዓይናቸውን ገለጡ። «ምን ማለት ነው?»

ምን ልበል?
«አሸረረ፣ ያሸርራል» ተብሎ አይረባም፤
ከሦስት ፊደል ግንድ አልበቀለም፣ ከግሥ ዘመድ አይገባም።
ግን ጆሮ ሲሰጡት ሁለት ነገር አለው፦
«እሽ»፣ ዶሮ ከስጥ ላይ የምናባርርበት ነው፤
«ሩሩ»ም ከሩኅሩኅ ሳይቆረስ አይቀርም፣
(ሊቅ አይደለሁም፤ የሌሊት ሐሳብ ነው፣ አልከራከርም።)
ሌሊቱን ሂድ ማለት፣ ለተኛው መራራት፣
ሁለቱም በአንድ ትንፋሽ፣ ከንፈር ሳይከፍቱት።

ይህን በተሰባበረ ጣሊያንኛዬ ሳንጠለጥለው፣
«ገባኝ» አሉ። «እኛም ኒና ናና እንላለን።
ኒና ማን ናት? ናናስ? እኔ እንጃ።
እናቴም አታውቅም ነበር።»
ሳቅን። ነፋሱ ግን አልሳቀም።

ሊነጋጋ ሲል ወንበሩ ላይ አንቀላፋሁ፤
በእንቅልፌ ዳር፣ እንደ አሮጌ ማጠፊያ የሚንሲያጠጥ ድምፅ
«ኤሱሩሩ» ሲል ሰማሁ።
ለእኔ ይሁን፣ ለቦራው፣ ወይስ ለሌላ ለሞተ ሰው፣
አልጠየቅኩም። ዓይኔንም አልገለጥኩም።

ጠዋት ልጃቸው ኦንዲና ደወለች፣ ከኡዲኔ፦
«እናቴን እንደ ሕፃን አታባብላት፣ ሐኪሙም ብሏል፤
ራሷን ትቻል፣ በሰዓቷ ትተኛ፣
እዚያ ቤት ማሞላቀቅ አልፈልግም» አለች ለእኔ።
ጋሽ ድንበሩ ነው፣ ሱፍ ኮት ለብሶ፣
ባሕር ተሻግሮ፣ ቋንቋ ለውጦ፣ መጥቶ ደርሶ።

«እሺ» አልኳት።
ቀሪውን፣ ሩሩን፣
ዋጥኩት።